ቄሱን በረት ስላሳደረው ቤት

ለተከበሩ ጓድ ይሄይስ
የመንደር ምሥረታ ሥራ አስተባባሪ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በጤና እንደሰነበታችሁ፣ በተለይም የዘንድሮው ውርጭ ወደ ቢሮዎ መስኮት ዝር እንዳላለ ተስፋ በማድረግ፣ ከደጋው ከጓሳ ሜዳ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። እኛ ደኅና ነን። ደኅና መሆናችንን እርስዎ በየስብሰባው ሲናገሩልን ስለሰማን ለመጠራጠር ድፍረቱ የለንም።

ስሜ ዙፋን እጅጉ ይባላል፤ የገደፋው ባለቤት፣ የገብርኤሉ ቄስ የወልደ ዮሐንስ ምራት ነኝ። ልጅ ሆኜ ጅጋ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ እስከ ስድስተኛ ክፍል በመማሬ ይህችን ደብዳቤ የሰው እጅ ሳልለምን መጻፍ ችያለሁ። በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የምለጥፋትም ማንበብ የሚችል ሁሉ እንዲያነባት፣ የማይችለውም እንዲነበብለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር እስከ ባለፈው መጋቢት ድረስ መለጠፍ ቀርቶ ማሰቡም ያስፈራ ነበር። አሁን ግን የፈለገ ወደ ቀዬው ይመለስ ስለተባለ፣ ሰዉም ማገርና ወራጁን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ድሮው ሸንተረር እየወረደ ስለሆነ፣ ከመለያየታችን በፊት ምስጋናዬን ባላደርስዎ ነውር ይሆንብኛል።

ምስጋናዬ ስለ ወሊድና ስለ አራስ ቤት ነው። ሴት ልጅ በአደባባይ የምታወራው ጉዳይ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ይህን ስጽፍም ፊቴ እንደ እሳት ይነድዳል። ነገር ግን ካፈርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ስለሆነ ትንሽ ብጨምርበት ብዙም አይጎዳኝም።

አንደኛ፤ ስለ መረጡልን ስፍራ አመሰግናለሁ። ቀድሞ የምንኖረው ተራራው ነፋሱን በጀርባው በሚመልስልን ሸንተረር ጥግ ነበር። ቤታችን ክብ፣ ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ የጓሳ ሣር ክዳኑ ወደ መሬት የወረደ፣ በሩም ጎንበስ ካላሉ የማያስገባ ሆኖ ወደ ጠዋት ፀሐይ ያይ ነበር። በአንዱ ወገን በጎቹና ጥጃው ይታሰራሉ፣ በሌላው ወገን እኛ መደብ ላይ እንተኛለን፤ ትንፋሻቸው ቤቱን ሲያሞቀው ያድራል። እርስዎ ይህንን ኋላ ቀርነት ብለው ሲያስረዱን በጣም አፈርን። ከዚያም ቤታችንን በገዛ እጃችን አፍርሰን፣ እንጨቱን ተሸክመን፣ አባቶቻችን ከብት እንኳ የማያሳድሩበት ሜዳ ላይ ወጣን። ሜዳው ነፋስ ከአራቱም ማዕዘን የሚገናኝበት በመሆኑ የመንደሩ አየር ንጹሕ ነው ማለትዎ ትክክል ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ፕላኑ አመሰግናለሁ። ለሞዴል መንደርነት ስለተመረጥን ቆርቆሮ መጣልን፤ ግድግዳውም ከክዳኑ ጋር እንዳይገናኝና ነፋስ እንዲያሳልፍ በዙሪያው ሁሉ ክፍት ተተወ። ፕላኑ ለቆላ ሠፈራ ጣቢያ የተሠራ መሆኑን የሰማነው ኋላ ነው። ለካስ ከሙቀት ሊያተርፉን ኖሯል! አያ አድማሴ፣ በአካባቢያችን ብዙ ቤት ያቆሙ ሽማግሌ፣ በሩን እንኳ ከነፋሱ እንድናዞረው ተነሥተው ሲለምኑዎት የሰጡትን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳነውም። «እንግዳ በመንገድ ሲያልፍ ጀርባችሁን ልትሰጡት ነው?» አሉ። አያ አድማሴም ጨዋ ሰው ናቸውና «ኧረ ነውር ነው ጌታዬ» ብለው ተቀመጡ። ለበጎቹ ግን ፕላን አልመጣም ነበር። ስለዚህ የማኅበሩን በረት ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ክብ አድርገው፣ በድንጋይ ገንብተው፣ በጓሳ ሣር ከደኑት። በመንደራችን ውስጥ ብርድ የማይገባበት ብቸኛው ቤት እርሱ ሆነ።

ሦስተኛ፤ ለአንድ አባወራ አንድ ቤት፣ ለአንድ ቤት አንድ ክፍል ስላሉልን አመሰግናለሁ። በድሮው ግቢያችን ከትልቁ ቤት ጀርባ የባለቤቴ አባት የሚጸልዩባትና የሚያድሩባት ትንሽ ጎጆ ነበረች። በአዲሱ ቤት ግን እኔና ባለቤቴ በአንድ ጥግ፣ እሳቸው በሌላው ጥግ ሆንን፤ መካከላችን የተንጠለጠለው አንድ አንሶላ ነው፤ ነፋስ በገባ ቁጥር ይገለጣል። ፊታቸው እህል ስቀምስ እንኳ የምሽኮረመም ምራት ቀሚሴን የምቀይረው እሳቸው ወጥተው ደጅ ብርድ ላይ እስኪቆሙልኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸውም ይህንን ስለሚያውቁ ቀኑን ሙሉ ሰበብ እየፈለጉ ይወጣሉ። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም፤ እርስ በርስ እንተፋፈር ነበር እንጂ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ የቀረው ግን በቁጥር አልከፋፈል ስላለኝ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ እንደሆነው እነግርዎታለሁ።

በ1980 ዓ.ም. መግቢያ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። እርስዎ ለእንዲህ ያለው ነገር ጊዜ ስለማይኖርዎ ላስታውስዎ፤ ቀዳሽ ቄስ አራስ ባለችበት ጣሪያ ሥር ካደረ ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ መቅደስ አይገባም፤ ወንድ ቢሆን አርባ ቀን፣ ሴት ብትሆን ሰማንያ። በደብራችን ያሉት ቄሶች ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። ስለዚህ ባለቤቴ ከተረፈው እንጨት ለአባቱ ከቤታችን ጀርባ ትንሽ ጎጆ ቀለሰ። ጭቃው ገና ሳይደርቅ እርስዎ ለጉብኝት መጡና በጣትዎ አመለከቱ።

«ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«የአባቴ ማደሪያ ናት ጌታዬ» አለ ባለቤቴ ቆቡን አውልቆ። «ባለቤቴ መውለጃዋ ደርሷል፤ እሳቸው ደግሞ ቀዳሽ ናቸውና...»

«ፕላኑ ላይ የለችም። ከመንገድ ሲያዩት ረድፉን ታበላሻለች፤ እንግዶች ሊመጡ ነው። ትፍረስ።»

ገደፋው አፈረሳት። አባቱ ከሥር ቆመው እያንዳንዱን እንጨት ተቀበሉት። ወራጁ እንዳይሰበር ይጠነቀቁ ነበር።

ምጤ የጀመረኝ የገና ሰሞን፣ ረፋድ ላይ ነው። እሳቸው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ስቃትት ሲሰሙ ዳዊታቸውን፣ መቋሚያቸውንና ጋቢያቸውን አንሥተው፣ ፊታቸውን ወደ ደጅ እንዳዞሩ «ማርያም ትቅረብሽ ልጄ» ብለው ወጡ። ያዋለደችኝ ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ናት። ልጁ ሲወጣ እልልታው ተጀመረና ሦስተኛው ላይ ቆመ፤ ሴት ናት ማለት ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እልልታው ሲቆም መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ የልጄ ነገር ሳይሆን «ሰማንያ ቀን የት ያድራሉ?» የሚል ነበር።

ለጥቂት ቀን አያ አድማሴ ቤት አደሩ። እዚያም ያለው አንድ ክፍል ነው፤ ልጃገረዶች አሉበት፤ እነሱም ሲሸፋፈኑ፣ እሳቸውም ሲያፍሩ ሰነበቱና ወጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት እንዳይሄዱ የመንደር ምሥረታው ቆርቆሮና ሚስማር ተከማችቶበት ቁልፉ በእጅዎ ነበር። የት እንዳሉ ስጠይቅ ባለቤቴ «ደኅና ቦታ ናቸው» ከማለት በቀር አይነግረኝም። አንድ ቀን እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ አጥሚት ይዛልኝ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ዙፋን፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ፤ እንዳትደነግጪ። አባ የሚያድሩት በረት ነው።»

«የቱ በረት?»

«ስንት በረት አለን? የበጎቹ ነዋ።»

አጥሚቱን መጠጣት አቃተኝ። ያንን ሁሉ ምእመን የሚያቆርቡ ሽማግሌ፣ በእኔ መውለድ ምክንያት በግ መካከል ተኝተው ያድራሉ፤ በጠዋት ልብሳቸው ላይ የተጣበቀውን ጭድ አራግፈው፣ ምንጭ ወርደው ታጥበው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል። «ወንድ ብትወልድ በአርባው ቤታቸው ይገቡ ነበር» የሚሉም እንደነበሩ ሰማሁ። ልጄን አቅፌ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

እንግዶቹ የመጡት ጥምቀት እንዳለፈ ነው። ከመምጣታቸው በፊት በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል የወተፍነው ጭድ መልክ ያበላሻል ብለው እርስዎ እንዲነቀል አዘዙ፤ ተነቀለ። ከዚያ እርስዎ ሰዎቹን አስከትለው ረድፉን ሲያሳዩ ደጃችን ደረሱና፣ አራስ ቤት መሆኑን ሳይጠይቁ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። እኔ ልጄን እያጠባሁ ነበር። ኮት የለበሱ የማላውቃቸው ወንዶች ደጄን ሞልተውት አየሁ። የምሸፈንበትን ነጠላ ነፋሱ ከእጄ ነጠቀኝ። አንደኛው እንግዳ ደግ ሰው መሰለኝ፣ ፊቱን መለስ አድርጎ «ቤቱ እንዴት ነው? ይስማማችኋል?» ሲል ጠየቀ። እርስዎም ስለ እኔ መለሱለት፤ «እንደሚያዩት ነው፤ ብርሃንና ንጹሕ አየር እንደ ልብ!» አሉ። ስላገዙኝ አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወደ በረቱ ወሰዷቸው። ይህንን ያየው ባለቤቴ ነው፤ የነገረኝም ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የባለቤቴ አባት በረቱ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ ጥምጥማቸው ላይ ጭድ ነበር። እንግዳው ቆም ብሎ «እኚህ አባት ማን ናቸው?» አለ። እርስዎ ደነገጡ። ቄስ ናቸው ቢሉ ከበግ ጋር ለምን ያድራሉ የሚል ጥያቄ ይከተላል።

«የማኅበሩ እረኛ ናቸው» አሉ።

ገደፋው አፉን ሊከፍት ሲል አባቱ ቀደሙት። ብድግ ብለው እጅ ነሡና «አዎን ልጄ፣ እረኛ ነኝ፤ በጎቹ ግን የእኔ አይደሉም፤ አደራ ናቸው» አሉ። እንግዶቹ የማኅበሩን ንብረት ያከበሩ መስሏቸው አጨበጨቡ። እርስዎም አጨበጨቡ። አባቱ የተናገሩት የገባው ባለቤቴ ብቻ ነበር፤ እሱም አቀርቅሮ ቆመ።

ጭዱ ከተነቀለ በኋላ የልጄ ነገር ተበላሸ። የምናነድደው እሳት የሚያሞቀው የሚያልፈውን ነፋስ ነበር። ሌሊቱን የተነፈስነው ትንፋሽ ቆርቆሮው ላይ ይረጋና ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ፊቷ ላይ ይንጠባጠባል። ሳል ጀመራት፤ ከዚያ ጡት አልይዝ አለች፤ ከንፈሯ ጠቆረ። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ደረቷን ዳብሳ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይቺ ልጅ ትሙቅ። ካልሞቀች ሞተች። ከበረቱ በቀር ሙቀት ያለበት አላውቅም።»

«በረቱ ውስጥ አባ አሉ» አልኩ።

«እንግዲያስ ወይ እሷ ናት ወይ እሳቸው» አለችና አለቀሰች።

እኔ በዚያ ውርጭ አራስ ሆኜ መውጣት አልችልም። ወጥቼ እዚያ ብገባ ደግሞ እሳቸው መሄጃ የላቸውም። የማኅበሩን በግ ነድቶ ቤቱ የሚያስገባ ሰው እንደሚታሰር ራስዎ በስብሰባ ነግረውናል። ገደፋው ወደ በረቱ ሄደ፤ ግን ምን ብሎ ይናገር? በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ምን ሆነሃል?» አሉት። «ልጅቱ ናት?»

ራሱን ነቀነቀ። እሳቸውም ዳዊቱን በማኅደሩ ከተው፣ ሁለት ሴት በጎች ፈትተው ይነዷቸው ጀመር። «አባ፣ ያስሩናል» ሲላቸው፣ «እረኛ ነህ ተብያለሁ፤ ወዴት እንደምነዳ እኔ አውቃለሁ» አሉት።

በሩ ሲከፈት አየሁና ጮኽኩ። «አባ፣ አይግቡ! በገብርኤል አይግቡ! አራስ ቤት ነው!»

ገቡ። በጎቹን መሬት ላይ አስተኟቸው። ለምደዋቸው ስለነበር እሳቸው ከሌሉ በጎቹ እግራቸው አያርፍም። ልጄን ከእጄ ተቀብለው ጋቢያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አደረጓትና በሁለቱ በጎች መካከል ተቀመጡ።

«ቅዳሴውስ አባ?» አልኩ እያለቀስኩ።

«እኔ ብጎድል መቅደሱ አይሞትም ልጄ» አሉ።

ልጄ በሦስተኛው ቀን ጡት ያዘች። እሳቸው ግን የሰማንያው ቀን እስኪሞላ መቅደስ አልገቡም። እሑድ ደወሉ ይደወላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ቅዳሴ የለም። ሁዳዴ ገብቶም እንዲሁ ነበር። የባለቤቴ አባት ከቅጥሩ ውጭ፣ መግባት የማይገባው ሰው በሚቆምበት ዛፍ ሥር ቆመው ጸልየው ይመለሳሉ። «ለአንዲት ሴት ልጅ ብለው ቤተ ክርስቲያን ዘጉብን» ያለ ሰው አለ። አልፈርድበትም። ሲመለሱ ዓይናቸውን ማየት ተስኖኝ እግራቸውን አይ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አያ ታከለ በጎቹን ሊያስመልስ መጥቶ ነበር። ገብቶ ጥቂት ቆመ፤ ሕፃኗን አየ፤ ሙቀቱም ሳይሰማው አልቀረም። የእሱም ልጅ በዚያ ሰሞን ሲያስለው ያድር ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባ፣ የማይረብሹት የትኞቹ ናቸው?» አለ። እሳቸውም መረጡለት። በሳምንቱ በረቱ ባዶ፣ መንደሩ በበግ ሙሉ ሆነ።

እርስዎ ይህንን ሲሰሙ መጥተው ሕዝቡን ሰበሰቡ። ቄሱን መካከል አቁመው፣ በዕድሜ አባትዎ የሚሆኑትን ሰው «ሕዝቡን ወደ እንስሳነት መለሱ» ብለው ገሠጿቸው። እሳቸው ጥምጥማቸውን አውልቀው ወደ ሕዝቡ ዞሩና «ቅዳሴ አስታጉዬባችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። ሴቱም ወንዱም አለቀሰ። እርስዎ ግን አባ ይቅርታ የጠየቁት ስለ በጎቹ መሰለዎትና «ይህ ጥሩ ግለ ሂስ ነው» ብለው አመሰገኗቸው። እኔ ከቤቴ ሆኜ ድምፅዎን እሰማ ነበር፤ የበሩ አቅጣጫ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጄ ከሆሣዕና በፊት ክርስትና ተነሣች። አያቷ የዚያን ዕለት መቅደስ ገብተው ቀደሱ፤ ለቤት ስሟም ቻይነሽ አሏት። ዛሬ ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ትሮጣለች፤ የአያቷን መቋሚያ ትሰርቃለች።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ቤቱን አፍርሰን ወደ ሸንተረሩ ጥግ እንመለሳለን። የባለቤቴ አባት ይህንን ደብዳቤ ስጽፍ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ባነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ተይው ልጄ፤ ሰውየው ያፍራል» አሉ። በሕይወቴ ቃላቸውን ስተላለፍ ይህ መጀመሪያዬ ነው። እኔ አፍሬያለሁ፤ ባለቤቴ አፍሯል፤ አያ አድማሴ ከነልጃገረዶቻቸው አፍረዋል፤ በሰማንያ ዓመታቸው ከቅጥር ውጭ የቆሙት ቄስም አፍረዋል። በመንደራችን ያላፈሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። የማኅበር ሀብት ለሁሉም በእኩል ይዳረስ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ ድርሻዎን እነሆ ልኬያለሁ።

ለከፍተኛ ድካምዎ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ በሄዱበት ሁሉ ቆርቆሮ የማያንጠባጥብበት እንቅልፍ እንዲገጥምዎ፣ በርዎንም ሳያንኳኳ የሚከፍት እንግዳ ከቶ እንዳይመጣብዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ዙፋን እጅጉ
የቻይነሽ እናት
ጓሳ ሜዳ፣ ግንቦት 1982 ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ባለቤቴ ሰሞኑን የስንዴ ዘር ሊገዛ ቡሬ ወርዶ ሳለ እዚያ የሚያሠሩትን የግል ቤትዎን አይቶት መጣ። ግድግዳው ድርብ ድንጋይ እንደሆነ፣ በስተጓሮም ለእናትዎ ለብቻቸው ምድጃ ያላት ሙቅ ክፍል እንደተሠራች ግንበኞቹ አጫውተውታል። እናት እንዳለዎት ገና አሁን ማወቃችን ነው፤ በጣም ደስ ብሎናል።